በእህል መጋዘን የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ተመረጥኩ! እሑድ ዕለት ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው፣ የምእመናኑን የቆየ መዝገብ የሚሰበስብና የሚያደራጅ አንድ ሰው እንፈልጋለን አሉ። ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ የእግሬን ጣት ስቆጥር ስሜ ተጠራ። አንድ አዛውንት «ልጅ ናት እኮ» ሲሉ ሰማሁ። ሌላው «ልጅ ብትሆንም እጇ ያውቃል» ብለው መለሱላቸው። እጅ አውጡ ተባለ፣ ወጣ፣ አለቀ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለራሴ ከምጽፈው አንድም ገጽ ለሰው አሳይቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። መዝገብ ቤቱ ለጊዜው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ቁልፉም ጠፍቷል። ቢሆንም ጸሐፊ ጸሐፊ ነው።

«ደርግ ከወደቀ ወዲህ ሁሉም ሰው አፉን ከፍቷል፤ ከራስሽ ጀምሪ፣ የሆነብሽን ጻፊና ሣጥኑ ውስጥ አስገቢው» አሉኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ እንደበራ ነው፤ እናቴ «ምን አግኝተሽ ነው ብቻሽን የምትስቂው?» ትለኛለች። የምነግራችሁ ነገር ግን የሚያስቅ አይደለም፤ አስቀድሜ ልናገር። የማንንም ስም አልጽፍም። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

እኛ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተጭነን ወደ አሶሳ የመጣን ሰፋሪዎች ነን። መንደራችን ስም አልነበረውም፣ በቁጥር ነበር የሚጠራው። ቤቱ በቀርቀሃ ተሠርቶ በጭቃ የተለሰነ፣ እርሻው የወል፣ ወባው ግን የየራሳችን ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ከወለጋ የመጣ ድሬሰር ይሠራ ነበር። ሙያውን የተማረው ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖች በከፈቱት ሆስፒታል ነው፤ እምነቱንም ከዚያው ይዞት መጣ። የእምነቱ ቤት በመንግሥት ተዘግቶ፣ ንብረቱም መዝገቡም ታሽጎ ስለነበር እኛ የምንሰበሰበው በሰው ቤት፣ ከእርሻ መልስ፣ አንድ በአንድ እየገባን ነበር።

ድሬሰሩ በሁለት ነገር ላይ ድርቅ ያለ ሰው ነው። አንዱ ቃለ ጉባኤ ነው። «ያልተጻፈ ስብሰባ አልተሰበሰበም» ይል ነበር። ሁለተኛው ስም ነው። በእኛ ዘንድ ሕፃን አይጠመቅም፤ ሰው ነፍስ ካወቀ በኋላ በገዛ አፉ ጠይቆ ይጠመቃል። መዝገቡም እንደዚያው ነው። ባል ሚስቱን አያስመዘግብም፣ እናት ልጇን አታስመዘግብም። ራሱ መጥቶ «ጻፉኝ» ያለ ሰው ይጻፋል። «ጻፉኝ» ካለ ደግሞ ጸሐፊው እምቢ ማለት አይችልም።

ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። በመንደሩ ትምህርት ቤት የኔን ያህል ፊደል የሚያሳምር ስላልነበረ ድሬሰሩ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሰጠኝ። ደብተሩን ከራሴ አስበልጬ ነበር የምወደው።

ታዲያ እኛ የጌታን እራት ስንቆርስ እግር እንተጣጠባለን። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነን። አንዱ ያጥባል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ማን ከማን ጋር እንደታጠበ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ፤ ሰው ሁልጊዜ ከወዳጁ ጋር ብቻ እንዳይታጠብ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከተኳረፈው ጋር ጭምር እንዲደርሰው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። የመንደሩ አብዮት ጥበቃ አባል ናት፣ እንደኛው የወሎ ሰፋሪ። ሕፃን ልጇ በወባ ሲሞት ድሬሰሩ እስከ መጨረሻው አጠገቧ ነበር። ጠመንጃዋን ቤቷ ትታ፣ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ስባ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሴቶቹ ጎዶሎ ስለነበርን ለኔ ደረሰችኝ። ሳፋውን ፊቷ ሳስቀምጥ እግሯን ሰበሰበች።

«ኧረ ተይ እቴ፣ እኔ ማን ሆኜ?»

ተረከዟ ከመሰነጣጠቁ የተነሣ ጭቃው አልወጣ አለኝ፤ ቀስ ብዬ አጠብኩላት። እሷም የኔን አጠበች፤ በጣቶቼ መካከል ሳይቀር፣ ሕፃን እንደሚታጠብ። ሲያበቃ «ልጻፍሽ?» አልኳት።

«አሁን አይደለም» አለች።

ስለዚህ ከስሜ ትይዩ «እንግዳ» ብዬ ጻፍኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድሬሰሩ ጠፋ። ሊይዙት ሲመጡ ክሊኒኩ ባዶ ነበር፤ አንድ ሰው አስቀድሞ ነግሮት ወደ ሱዳን ድንበር ወጥቷል። በማግስቱ ጠዋት ቤት ለቤት ፍተሻ ሆነ። ደብተሬን ከበቆሎው ጆንያ ውስጥ አወጡት። ወንዶቹን በመኪና ጭነው ወደ አሶሳ ከተማ ወሰዷቸው። ሴቶቹን አዳራሹ ፊት ለፊት አንበርክከው ገርፈው፣ «ሁለተኛ አንሰበሰብም» ብለው እንዲፈርሙ ጠየቋቸው፤ ያልፈረሙትንም ደክሟቸው ለቀቋቸው። እኔን ግን አስቀሩኝ። ጽሕፈቱ የኔ ነዋ።

የታሰርኩበት ክፍል የትራክተር ጣቢያው የእህል መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ አናት ይጠብሳል። የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ዐይን ያቃጥላል። በቀርቀሃው ግድግዳ ላይ ልስኑ የረገፈበት ቦታ ነበር፤ በዚያ በኩል የሰው እግር ሲያልፍ ይታያል። እናቴን በጫማዋ ለየኋት። ምግብ ይዛ ትመጣለች፣ ይመልሷታል፣ ደግሞ ትመጣለች።

ከኔ በፊት የታሰረች አንዲት የመንጌ ሴት ነበረች፣ የአገሩ ተወላጅ ከሆኑት ከበርታዎች ወገን፣ ወንዝ ወርዳ ወርቅ የምታጥብ። ወርቁን ለመንግሥት ማስረከብ ሲገባት ለሱዳን ነጋዴ ሸጣለች ተብላ ነው። አማርኛዋ ሁሉን ሰው ወንድ ያደርጋል።

«አንተ ልጅ» አለችኝ ገና ስገባ፣ «አንተ ምን ሰረቀ?»

«ምንም አልሰረቅኩም። ጽፌ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «መጻፍ መጥፎ ነው» አለች፤ ከጆንያዋ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

መርማሪው ከከተማ በላንድሮቨር የመጣ ነው። አስፈሪ ፊት አልነበረውም። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር፤ በየመሐሉ ይናፈጣል። ወደ ጣቢያው ቢሮ ሲያስገቡኝ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። በሩ ላይ ጠመንጃዋን ይዛ የቆመችው ጠባቂ ያቺው ናት። እግሯን ያጠብኩላት።

«ጓድ ጸሐፊ» አለኝ፣ «ተቀመጪ። ጽሕፈትሽ ያምራል። የኛው ጸሐፊ እንዲህ ቢጽፍልን ምን ነበረበት?»

ደብተሩን ወደኔ አዞረው።

«ይሄ ምንድን ነው? ጥንድ ጥንድ፤ እገሌ ከእገሌ። ጥንዱ በየጊዜው ይቀያየራል። ጥሩ አደረጃጀት ነው። ማን አስተማራችሁ? ነጮቹ?»

«እግር መታጠብ ነው።»

«ምን?»

«እግር እንተጣጠባለን። ተራው ነው የተጻፈው።»

ጥግ የቆመው ወታደር ሳቀ። መርማሪው አልሳቀም። ተናፈጠና መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እኔ ሞኝ እመስልሻለሁ? እግር ለመታጠብ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው የት ነው ያለው?»

እውነቱን ነው። ከኛ በቀር የትም የለም። አሁን ሳስበው፣ ያንን ዝርዝር የጻፈውን ሰው እኔም ብሆን እይዘው ነበር።

ጣቱን «እንግዳ» የሚለው ላይ አሳረፈ። «ሁሉም ስም አለው። ይህቺ ብቻ ስም የላትም። ስሚኝ፣ ድሬሰሩን ያስመለጠው ሰው ከኛው ውስጥ ነው። ከኛ ሰው ጋር የምትገናኝ፣ ስሟ እንዳይጻፍ የፈራች ሴት። ማን ናት? አታውቂያትም?»

ሌላ ሰው ቢሆን «አላውቃትም» ብሎ ይገላገል ነበር። እኛ ግን አንምልም፣ አንዋሽም፤ አዎን ያልነው አዎን ነው። ድሬሰሩ ይህን ሲያስተምረን እንዲህ ያለውን ክፍል አስቦት እንደሆነ እንጃ።

«አውቃታለሁ» አልኩት። «ስሟን የምናገር ግን እኔ አይደለሁም።»

ጠባቂዋ ጠመንጃዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

እጄንና እግሬን አንድ ላይ አሰሩ። በክንዴና በጉልበቴ መካከል ዱላ አሳልፈው በሁለት ጠረጴዛ መካከል ሰቀሉኝ። ወፌ ላላ ይሉታል። ጭንቅላት ወደ ታች፣ ውስጥ እግር ወደ ላይ ይሆናል። አፌ ውስጥ ካልሲ ጎሰጎሱ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። የሚመቱት በኮረንቲ ገመድ ነው። የመጀመሪያው ምት እግር ላይ አይሰማም፣ ጥርስ ላይ ነው የሚሰማው። ቀጥሎ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል። እግሩ የሚነቃው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዴ ከነቃ ደግሞ አይተኛም። ካልሲውን አውጥተው «ማን ናት?» ይላሉ፣ ያንኑ እመልሳለሁ፣ ይመልሱታል። ወታደሩ ሲደክመው እጁን እያፍተለተለ ውሃ ጠጣ። ለኔም የተረፈውን ፊቴ ላይ ደፋልኝ።

ወደ መጋዘኑ በዳዴ ነው የገባሁት። የመንጌዋ ሴት በልስኑ ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን እግሬን አየችና ምላሷን በጥርሷ ነከሰች።

«ምን አልከው?»

«አውቃታለሁ፣ አልናገርም አልኩት።»

«ወላሂ?»

«እኛ አንምልም።»

ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ያ ረቢ! እኔ ‹ወርቅ አላየሁም› አልኩ። ወርቅ እዚህ ጋ ነበር» ጆሮዋን አሳየችኝ፣ «‹አላየሁም› አልኩ። አላህ መሐሪ ነው፣ ይተወዋል። አንተ ሞኝ ነህ። ‹አላውቅም› በል! አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል አይከብድም!»

ሳቄ መጣ። ስስቅ እግሬን አመመኝ፤ ሲያመኝ አለቀስኩ። እሷ እያጉረመረመች የውዱእ ኩስኩስቷን አነሣች፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚሞሉላት። «ይሄ ለሶላት ነበር» አለች፣ ሁሉንም ውስጥ እግሬ ላይ ቀስ እያደረገች አፈሰሰችው። ሲያልቅ ወለሉን በመዳፏ ዳሰሰች። «አሁን ውዱእ በአፈር አደርጋለሁ። ይፈቀዳል። አንተ ግን ለነገ ‹አላውቅም› በል።»

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂዋ ወደ መጸዳጃ ልትወስደኝ መጣች። መቆም ስላልቻልኩ አዘለችኝ። ከጀርባዋ ሆኜ ነው ያወራነው፤ ፊቷን አላየሁትም።

«ንገሪው» አለችኝ። «ንገሪውና ይልቀቅሽ።»

«ልጻፍሽ?»

ቆመች። ትንፋሿ ሆዴ ላይ ይሰማኛል።

«ልጅ አለችኝ። አንድ እሷ ናት የቀረችኝ። አራት ዓመቷ ነው።»

«እንግዲያው አልጻፍሽም።»

«ይገድልሻል እኮ፣ እቴ።»

«ውሃ መቼ ነው የሚሰጡን?» አልኳት። ስለ ሌላ ነገር እንድናወራ ፈልጌ ነው።

ያን ቀን መርማሪው ገመዱን ለወታደሩ አልሰጠውም። ክፍሉን በዐይኑ ዞረውና ለሷ ወረወረላት።

«ዛሬ አንቺ። ሴት ለሴት ትግባባለች።»

ተሰቅዬ ነው የማየው፣ ሁሉም ነገር የተገለበጠ ነው፤ ጫማዋ ከላይ፣ ጣሪያው ከታች። የመጀመሪያውን መታች። አልተሰማኝም ማለት ይቻላል። ሁለተኛውንም።

«ትንኝ ነው የምታባርሪው?» አለ መርማሪው። ገመዱን ከእጇ ነጥቆ አንድ ጊዜ አንገቷ ላይ አሳረፈው። ድምፁ እንደ እንጨት ስብራት ነበር። «እንዲህ ነው» አለና መለሰላት።

ከዚያ መታችኝ። አልሸፋፍንላችሁም፣ መታችኝ። የትናንቱ ቁስል ሲፈነዳ የሞቀ ነገር በቁርጭምጭሚቴ ወርዶ ጉልበቴ ላይ ደረሰ። በየመሐሉ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ከባድ ሸክም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ትንፋሽ። ካልሲው ውስጥ አስታወክሁ። ካላወጡልኝ እንደምሞት ገብቷቸው አወጡልኝ።

«ማን ናት?»

«አውቃታለሁ።»

«ስሟ!»

«እኔ አይደለሁም የምናገረው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። ስነቃ ጭንቅላቴ የመንጌዋ ሴት ጭን ላይ ነበር። በበርታኛ ታዜምልኛለች ወይም ትሰድበኛለች፤ መለየት አልቻልኩም።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ተሸክመው ሲያስገቡኝ መርማሪው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ጉንፋኑ ብሶበታል፤ አፍንጫው ቀልቷል።

«ጓድ ጸሐፊ፣ እጅሽ ደህና ነው አይደል? እጅሽን አልነካነውም። ሆን ብዬ ነው።» አንድ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለኝ። «ቃልሽን ጻፊ። እዚህ የሆነውን በሙሉ፣ መጨረሻ ላይ ስሟን። ከዚያ ምስክር ትፈርምበታለች» ወደ ጠባቂዋ በአገጩ አመለከተ፣ «ወደ እናትሽም ትሄጃለሽ። ቀላል ነው።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ወረቀቱን የተገለበጠ የሳሙና ሣጥን ላይ ዘረጋሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለጥቂት ጊዜ እግሬን ረሳሁት። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ እስክሪብቶው አዲስ ነው፤ ከተያዝኩ ወዲህ የነካሁት የመጀመሪያው ጥሩ ነገር ነው። ግን «ቃል» እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። የማውቀው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱኑ ጻፍኩ፤ ሳልቸኩል፣ መስመሩን ጠብቄ።

«ጨረስኩ» አልኩ።

መርማሪው ወንበሩ ላይ ተደግፎ ዐይኑን ጨፈነ። ራስ ምታቱ ነው መሰለኝ። «አንብቢው።»

አነበብኩት።

«ቃለ ጉባኤ። የስብሰባው ቦታ፦ የትራክተር ጣቢያ ቢሮ። የተገኙ፦ መርማሪ፣ ወታደር፣ ጠባቂ፣ ታሳሪ። አጀንዳ፦ የእንግዳዋ ስም። ውይይት፦ መርማሪው የእንግዳዋን ስም ጠየቁ። ታሳሪዋ አውቃታለሁ፣ የምናገር ግን እኔ አይደለሁም ብላ መለሰች። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ቀን በወታደሩ ተገረፈች። በሁለተኛው ቀን ጠባቂዋ እንድትገርፍ ታዘዘች። ስላላጠነከረች እሷም አንገቷ ላይ ተመታች። ከዚያ በኋላ ገረፈች። ታሳሪዋ ጠባቂዋን አልተቀየመቻትም። ውሳኔ፦ ስሙ ስላልተገኘ አጀንዳው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።»

ወታደሩ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። መርማሪው ዐይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያልገባው ሰው ይመስል ነበር፤ ቀጥሎ ጆሮው ቀላ። ከመቀመጫው ሲነሣ ወንበሩ ወደቀ።

«ጻፊኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጠባቂዋ ናት። ከበሩ ለቃ ሁለት እርምጃ ገብታለች።

«ጽፌሻለሁ» አልኳት። «ከተገኙት መካከል፣ ጠባቂ ብዬ።»

«እዚያ አይደለም። አጀንዳው ላይ ጻፊኝ።»

«ምን ትቀባጥራለች ይህቺ?» አለ መርማሪው።

«ልጅሽ አለች» አልኳት።

«ልጄን ለእናትሽ። ነግሬያታለሁ፣ ዛሬ ጠዋት ነግሬያታለሁ። ስሜን ታውቂዋለሽ። የአባቴንም ልንገርሽ?»

እስክሪብቶው እጄ ውስጥ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያን ስም ውጬው ኖሬያለሁ፤ እግሬ በሱ ነው የተላጠው። አሁን ግን «ጻፊኝ» ብላለች። በገዛ አፏ። ጸሐፊ ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም።

መርማሪው ወደሷ ሲሮጥ፣ ወታደሩ ጠመንጃዋን ሲነጥቃት፣ ጠረጴዛው ሲገለበጥ እኔ ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጽሕፈት ጽፌ አላውቅም። ስሟን፣ የአባቷን ስም። «የእንግዳዋ ስም» ከሚለው አጠገብ። የሰደፉ ምት ሲያርፍባት እሰማለሁ፤ ቀና አላልኩም። አራት ነጥብ አድርጌ ጨረስኩና ወረቀቱን በሁለት እጄ ለመርማሪው ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ። ምን እንደሚያደርግበት ለጊዜው የጠፋው መሰለኝ፤ ከዚያ አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተተው። ፋይል የሚያውቅ ሰው ነበር።

እኔ በተሰቀልኩበት ዱላ ሰቀሏት። እንዳይ አደረጉኝ። ከኔ የባሰ መቷት፤ እሷ ደግሞ ካልሲ አልተጎሰጎሰላትም፣ እንድትናገር ስለሚፈልጉ ነው። ማን እንዳዘዛት፣ ድሬሰሩ የት እንዳለ። «ልጄ ሞተ፣ እሱ አብሮኝ ተቀመጠ፣ ነገርኩት» ብቻ ነበር የምትለው። ይህንኑ ደጋግማ፣ ደጋግማ። መንጋጋዋ ሲሰበር እሱንም ማለት አቃታት።

ጀንበር ሳትጠልቅ መጋዘኑ ውስጥ ወረወሯት። የመንጌዋ ሴት ሦስታችንንም እንድትበቃን ጆንያዋን ዘረጋችው። «ሁለት ሞኝ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ጠባቂዋ በጣቷ ወደሷ ጠራችኝ። ጆሮዬን አፏ አጠገብ አደረግኩት። መንጋጋዋ አይሠራም፣ ቃሉ በደም መካከል ነው የወጣው።

«አሳምረሽ ጻፍሽኝ?»

«አሳምሬ።»

ጠዋት መኪና መጥቶ ወሰዳት። ወደ አሶሳ ነው ተባለ። በልስኑ ቀዳዳ አየኋት፤ ወደ ጭነት መኪናው ሁለት ሰው ደግፏት ወጣች፤ እግሯ መሬት አይረግጥም። ከዚያ ወዲያ ያያት ሰው አላገኘሁም።

እኔ ከወር በኋላ ተለቀቅኩ። የመንጌዋን ሴት ከኔ በፊት ፈተዋት ነበር፤ ስትወጣ «አንተ ልጅ፣ መጻፍ አቁም» አለችኝ። ለረጅም ጊዜም ምክሯን ሰምቼ አልጻፍኩም። እስክሪብቶ ስይዝ ውስጥ እግሬ ይነድ ነበር። ጠባቂዋን እቀየማት እንደነበር ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? ያን ሁሉ ተሸክሜ የጠበቅኩትን በአንድ ቃል ሰጠችው ብዬ። አሁን ቂሙ ለቆኛል። ስሙ የሷ ነበር እንጂ የኔ አልነበረም፤ እኔ በአደራ ነው የያዝኩት። ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ቀርፋፋ ነኝ።

ልጇ ከኛ ጋር ነው የምታድገው። ስድስት ዓመት አልፏታል። አሁን ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ «ይሄ ምን ይላል? ይሄስ?» እያለች አላስጽፍ ብላኛለች። የእናቷን ስም መጻፍ አስተምሬያታለሁ፤ እዚህ ግን እኔ አልጽፈውም። መጥታ ራሷ ብትነግራችሁ ነው የሚያምረው።

እስካሁን ሣጥኑ ውስጥ ያለው ትንሽ ነው። አይጥ የበላው የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ በእጅ የተገለበጡ መዝሙሮች፣ ከእስር ቤት የወጣ አንድ ደብዳቤ። የኔ ቃለ ጉባኤ የለም። መንግሥት ሲለወጥ ቢሮዎቹ ተሰበሩ፣ ፋይሉ በጆንያ እየተጫነ ገበያ ወጣ። አሶሳ ገበያ ዛሬ ለውዝ የሚጠቀለለው በዚያ ወረቀት ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጥቅል ገዝቼ ስፈታው የዚያው የትራክተር ጣቢያ የናፍጣ መጠየቂያ ሆኖ አገኘሁት፤ ማኅተሙ ሳይቀር አለ። ገበያው መሐል በደስታ ጮኼ ሴቶቹን አስደነገጥኳቸው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የኛ እምነት ተከታይ ሁኑ አትሁኑ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኑ። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ካለው ትልቁ ማንጎ ሥር ሣጥኔን ይዤ እቀመጣለሁ። በዚያ ዘመን አሶሳ ታስራችሁ መንጋጋዋ የተሰበረ የወሎ ሴት ያያችሁ ካላችሁ፣ ወረቀት ባይኖራችሁም ኑ፤ ንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ። ገበያ የምትውሉ ደግሞ ለውዛችሁን ብሉ፣ መጠቅለያውን ግን ሳትጥሉ ዘርግታችሁ አንብቡትና አምጡልኝ፤ በምትኩ ንጹሕ ወረቀት እሰጣችኋለሁ።